ከአሸዋው አናት ወዲያ

በዚያ ዓመት ነፋሱ አራት ወር ሙሉ አልቆመም። የበረሃው መንገዶች ጠፉ። ጎብኚ ቀረ። ጎብኚ የሚያመላልሰው ባለመኪና ከሦስት መኪኖቹ ሁለቱን ሸጠ፤ ሠራተኞቹንም አሰናበተ። የቀሩት አንድ አካፋ ያዥና ትምህርት ሲዘጋ የምታግዘው የዚሁ አካፋ ያዥ የእህት ልጅ ብቻ ነበሩ።

አካፋ ያዡ ድሮ ሹፌር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት መኪና ገለበጠና እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ መሪ እንዳይነካ ተከልክሎ ጎማ ያጥባል፣ አሸዋ ይዝቃል። የእህቱን ልጅ «ቆቅ» ያላት እሱ ነው፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም ሲል። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቆቅ ብሎ በጠራት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። መኪናው የተገለበጠ ቀን የአሸዋው ኮረብታ አናት ላይ ቆማ ምልክት የሰጠችው እሷ ነበረች።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ለስላሳ አሸዋ ላይ ሽቅብ የሚወጣ መኪና መሃል ላይ ከቆመ ይሰምጣል። ስለዚህ ሹፌሩ ከታች ተንደርድሮ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ለዚህም አንድ ሰው ቀድሞ በእግሩ ይወጣና ማዶውን ያያል። ቁልቁለቱ ደህና ከሆነ አረንጓዴ ጨርቅ ያሳያል፤ ገደል ከሆነ ቀይ።

መኪናው የተገለበጠ ቀን ቆቅ ደክሟት ነበር። ማዶውን ሳታይ አረንጓዴውን አውለበለበች። ሲጠይቋት ግን ቀይ ነው ያሳየሁት አለች። አጎቷም ነፋሱ አሸዋ አንስቶ ስለነበር ጨርቁን በደንብ አላየሁትም ብሎ ነገሩን በራሱ ላይ ወሰደ።

ዛሬ ነፋሱ በረድ ስላለ ሦስቱ አዲስ መንገድ ፍለጋ ወጥተዋል። መንገድ ካልተገኘ ይህችም መኪና ትሸጣለች። ባለመኪናው ራሱ ይነዳል። ሰው ካዩ ሦስት ሰዓት ሆኗቸዋል።

ትልቁ የአሸዋ ኮረብታ ሥር ሲደርሱ መኪናው እንዳይሰምጥ ጎማዎቹን አስተነፈሱ። አጎቷ ጨርቆቹን አቀበላት።

«ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ቆቅ። አሸዋው የትም አይሄድብሽም።»

«አራት ወር ሙሉ ሲሄድ አልከረመም?» አለ ባለመኪናው።

እየተንሸራተተች ወጣች። አናቱ ላይ ደርሳ ማዶውን ስታይ መሬቱ እንደ ግድግዳ ተቆርጦ ወርዷል። ከእግሯ ሥር አሸዋው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ገደሉ ይፈሳል። ያኔ ከኋላዋ ሞተሩ ጮኸ። ባለመኪናው ምልክቷን ሳይጠብቅ ተነሥቷል።

ቀዩን አነሳች። መኪናው አልቆመም። የያዝኩት አረንጓዴውን ይሆን ብላ ጨርቁን ቀና ብላ አየች። ቀይ ነው። ቁልቁል ወደ መኪናው ሮጠች። መስታወቱ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ ያለው ሰው አይታይም። ልትገጭ አሥር እርምጃ ሲቀራት መኪናው ተጠማዘዘና ጎማዎቹ እስከ ግማሻቸው ሰመጡ።

ባለመኪናው ወርዶ አናቱ ድረስ ወጣ። ማዶውን አይቶ እዚያው ቁጭ አለ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። አጎቷ የማይታጠፍ እግሩን ዘርግቶ መዛቅ ጀምሯል።

«እኔ ቀዩን ሳይ ቆምኩ» አለ ባለመኪናው። ሊስቅ ሞከረ። «አንተም ያን ቀን ብትቆም ኖሮ ዛሬ አትዝቅም ነበር።»

«ልክ ነህ ጋሼ» አለ አጎቷ፤ መዛቁን ቀጠለ።

ቆቅ የአጎቷን የተዘረጋ እግር አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። መናገሩ ከገደሉ ይበልጥ አስፈራት።

«ቀይ አልነበረም» አለች።

«ምኑ?»

«ያን ቀን ያሳየሁት አረንጓዴ ነው። ማዶውን አላየሁም። ስትጠይቁኝ ዋሸሁ።»

አካፋው ቆመ። አጎቷ ወደ እሷ አልዞረም።

«ደንግጣ ነው፣ ልጅ ናት» አለ። «ነፋስ ነበር ጋሼ።»

አጎቷ እውነቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቅ ኖሯል።

«ነፋስ አልነበረም፣ አጎቴ። እባክህ፣ አትሸፍንልኝ።»

ባለመኪናው ሁለቱንም በየተራ አያቸው። በመጨረሻ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ወደ አጎቷ ዞረ።

«እግርህ ፍሬን ይረግጣል?»

«ይረግጣል።»

ቆቅ አካፋውን ከአጎቷ እጅ ወሰደችና ከኋላው ጎማ ሥር ተንበረከከች።