ዲስኩ ከነአቧራው

ኢንጂነሯን ጠዋት ያገኛት የሕንፃው ዘበኛ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሀል ባለው የደረጃ ማረፊያ ላይ ወድቃለች። ጀሶ የታሰረው ቀኝ እጇ ከሥሯ ታጥፏል፤ አንድ ጫማዋ ከላይ ደረጃው ላይ ቀርቷል። ሊፍቱ ከተበላሸ ስለቆየ ሁሉም ሰው ምክንያቱን ወዲያው አወቀው፤ በጀሶ እጅ መደገፊያ አይያዝም፣ ስትወርድ አዳለጣት፣ አለቀ።

መርማሪዋ ደረጃውን ስትወጣ ሁለቴ አረፈች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ምስጢር ስለምታፈስ ሳይሆን ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ስለምታስቀር። ሌሊቱን በሌላ ሬሳ ላይ አሳልፋ እግሯ አብጧል። አለቃዋ በስልክ «አደጋ ነው፤ ፈርመሽ ነይ» ብሏታል፤ መፈረሙን እሷም አልጠላችውም። ችግሩ ዓይኗ ነው። ዓይኗ እሷን ሳያስፈቅድ ይሠራል።

ሬሳው አጠገብ ቆማ ወደ ላይ አየች። ለሚወርድ ሰው መደገፊያው በግራ በኩል ነው። የሟቿ ግራ እጅ ደግሞ ደህና ነበር።

«እዳ» አለች ለራሷ፤ ወደ ሟቿ የንድፍ ቢሮ ወጣች።

የሟቿ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ለምርመራ አይደለም፤ እግሯን ለማሳረፍ ነው። ኮምፒውተሩ በርቶ ነው የተገኘው። ማውዙ ከኪቦርዱ በስተግራ ተቀምጧል። መርማሪዋ ግራኝ ናትና ለአንዴ እንኳ ዕቃ በሷ በኩል በመገኘቱ ደስ አላት። እጇን አሳርፋ በሌባ ጣቷ ተጫነች። የጠበቀችው ፋይል አልተከፈተም፤ የትእዛዝ ዝርዝር ብቅ አለ።

የሟቿ ታናሽ ወንድም በር ላይ ቆሟል። የቢሮው ሥራ አስኪያጅ እሱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«እጇ ከተሰበረ ጀምሮ ጠዋት ማታ የማመላልሳት እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ግን ‹እንግዳ አለብኝ፣ ስጨርስ እደውላለሁ› አለች። አልደወለችም። እኔም እንቅልፍ ጣለኝ።»

«እንግዳው ማን ነው?»

«ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር? ታላቅ እህት አታውቂም መሰለኝ። መኪናዬን መጋዘን ስታደርገው እንኳ አታስፈቅደኝም። ጥቁር ጡብ የመሰለ ነገር በጨርቅ ጠቅልላ ወንበር ሥር ትወትፍና ‹አደራ፣ እንዳትነካ› ትለኛለች።»

«ይህን ኮምፒውተር ትነካዋለህ?»

«አንዴ ነክቼ እርሜን አወጣሁ። ቴክኒሻኑ የማውዙን ቁልፎች ለግራ እጇ አገላብጦላታል። እኔ አንዱን ስጫን ሌላው ይመጣል። ‹ለኔ እንጂ ላንተ አልተሠራም› ብላ ሳቀችብኝ።»

መርማሪዋ ማውዙን ዳግም ተጫነችው። ቁልፎቹ አልተገላበጡም።

ቴክኒሻኑ ተጠርቶ መጣ፤ ለዚህ ቢሮና ለጎረቤቶቹ ኮምፒውተር የሚጠግን ቀጭን ሰው ነው። በግራ ሌባ ጣቱ አንዴ ተጫነና ፊቱ ተለወጠ። ጥቂት ነገር ከፍቶ አየ።

«ኢሜጅ ተመልሶበታል» አለ።

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

«ፋይል መገልበጥ ከቁም ሳጥን ልብስ እንደማውጣት ነው። ኢሜጅ ግን የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ነው፤ ቤቱን ከነቁም ሳጥኑ፣ ከነአቧራው ነው የሚያነሳው። ስትመልሺውም እንደዚያው ከነአቧራው ነው። ይህ ኮምፒውተር እጇ ከመሰበሩ በፊት ወደነበረበት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የሠራችው ሁሉ የለም።»

ቅጂዎቹ የሚቀመጡበት መሳቢያ ተከፈተ። የቅጂው ዲስክ አለ፣ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ቅጂውን የሚመልሰው ፍላሽም አለ። ዲስኩ ላይ ግን የቆየው ቅጂ ብቻ ቀርቷል፤ አዲሶቹ ተሰርዘዋል።

«ይህን ማን ይችላል?» አለች መርማሪዋ።

ሰውየው እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ። «እኔ» አለ።

«ሌላስ?»

«እንጃ።»

ወንድምየው ኮሌታውን ያዘው፤ መርማሪዋ መሀል ገባች። አደጋ የነበረውን ነገር ግድያ ያደረገችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያው ጠጠር ያረፈውም እውነቱን በተናገረው ሰው ላይ ነው። አለቃዋ ስልክ ላይ «እስከ ማታ ይዘሽው ነይ» አላት። ቴክኒሻኑ ሰማ።

«ነገ ጠዋት እናቴ ኩላሊቷን የምትታጠብበት ቀን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከኔ ሌላ የሚወስዳት የለም። ለሱ ብቻ ሰው ፈልጉልኝ።»

ስለ ንጽሕናው አንድም ቃል አልጨመረም። ወንፊት ድካሟ ባሰባት፤ ሰው ሲለማመጣት ይቀላት ነበር።

የኢንጂነሯ ምክትል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እጇ ከመሰበሩ በፊት ክፍለ ሀገር ወርዶ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ሲያሠራ ቆይቷል። ጫማው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ አለ፤ ሐዘኑ ደግሞ እንደ ሸሚዝ በደንብ ተተኩሷል።

«መቼ ገባህ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ሞቷ ሲነገረኝ።»

«የዲስክ ቅጂ ነገር ታውቃለህ?»

«እኔ የማውቀው ብረትና ሲሚንቶ ነው፣ እህቴ። እሱ የቴክኒሻኑ ጉዳይ ነው።»

«ሟቿ በምን ሥራ ላይ ነበረች?»

«በአዳራሹ ንድፍ። ክፈቺው፣ እንደተውኩት ነው ያለው።»

«ከፍተህ አየኸው?»

«ማለቴ… የሚለወጥ ነገር አልነበረውም።»

መርማሪዋ አመስግና ሸኘችው፤ ቴክኒሻኑን ወደ ኮሪደሩ ይዛው ወጣች።

«ቅጂ የሚያነሳውን ሶፍትዌር ማን መረጠው?»

«ሦስት ነበሩ። ነፃው ኮምፒውተሩ ራሱ ካልተነሳ አይሠራም፤ ዲስክ ከሞተ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ለትልቅ መሥሪያ ቤት ነው፤ እኔ እሱን ነበር ያልኩት። ሦስተኛው ከፍላሽ ይነሳል፣ ያነሳውን ቅጂም ከዋናው ጋር ያመሳክራል። ምክትሏ ሦስቱንም በራሱ ላፕቶፕ ላይ እያነሳ እየመለሰ ሞከረና ሦስተኛው ይሁን አለ። ደግሞ ትክክል ነበር።»

«ከፍላሽ ሲነሳ የማውዙ ቁልፍ እንዴት ነው?»

«እንደ ፋብሪካው። የሷን ምርጫ ከየት ያውቃል?»

«ሌላ ቅጂ የለም?»

«አንድ ከሕንፃው ውጪ ይቀመጥ ብዬ በቅርቡ ዓርብ ዓርብ መስጠት ጀምሬላት ነበር። የት እንደምታኖረው አልነገረችኝም። ‹ለሌባ የማይነገር ላንተም አይነገርም› አለችኝ።»

«ምን ይመስላል?»

«ጥቁር ነው። ጡብ የሚያክል።»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወንድምየውን የመኪናውን ቁልፍ ጠየቀችው።

ዲስኩ ከመኪናው ወንበር ሥር ተገኘ። ቴክኒሻኑ ግን ቅጂውን በሟቿ ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ ሊመልሰው እምቢ አለ። «ያ ማስረጃሽ ነው። ከጻፍኩበት ይጠፋል። ባዶ ዲስክ ገጥሜ እሱ ላይ ልመልሰው።» በማግስቱ እናቱን ማን እንደሚያደርስለት ሳያውቅ የሷን ማስረጃ ይጠብቅላታል። ወንፊት ይህንንም ያዘችው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሰዎች በሟቿ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ደክሞኛል፤ እንዳታስለፉኝ» አለች። «እያንዳንዳችሁ የአዳራሹን ንድፍ ክፈቱልኝ። በግራ እጅ።»

ቴክኒሻኑ በሌባ ጣቱ ከፈተና ዘጋው። ወንድምየው «ይኸው መጣ ደግሞ» ብሎ እያጉረመረመ በሌባ ጣቱ ከፈተ፤ ዘጋው። ምክትሉ በመሀል ጣቱ ተጫነ። የትእዛዝ ዝርዝር ብቅ አለ። ደገመው።

«ማውዙ ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም። ኮምፒውተሩ ባለፈው ዓርብ ወደነበረበት ተመልሶ ነው፤ ሟቿ ለግራ እጇ እንዳሠራችው።»

«ታዲያ እኔ በምን አውቃለሁ? አልነበርኩም።»

«እሱን ነው የምልህ። በመጀመሪያ፣ መደገፊያው በደህና እጇ በኩል ነው፤ ብቻዋን አልወደቀችም። ሁለተኛ፣ ከሞተች በኋላ አንድ ሰው ይህን ኮምፒውተር በፍላሽ አስነስቶ አሮጌ ቅጂ መለሰበት። ማውዙንም ከነበረበት ከግራ አላነሳውም፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። ቁልፎቹ መገላበጣቸውን ቢያውቅ ኖሮ መልሶ ያገላብጣቸው ነበር። ቴክኒሻኑ ያውቃል፣ በገዛ እጁ ነው የሠራው። ደግሞም እሱ ቢሆን አንዲቱን ፋይል ከቅጂው ውስጥ መዝዞ ይተካት ነበር፤ ቤቱን ሁሉ አያፈርስም። ወንድሟ ያውቃል፣ ተስቆበታል። የማያውቀው ከመሰበሯ በፊት ሄዶ ትናንት ማታ የተመለሰ ሰው ብቻ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት።»

«ጠዋት ገብተህ ንድፉ እንደተውከው መሆኑን እንዴት አወቅህ? ስለ ቅጂ አላውቅም ያልከኝስ ሦስቱን ሶፍትዌር አወዳድረህ ከመረጥክ በኋላ ነው።»

በሌባ ጣቷ ንድፉን ከፈተችው። የአዳራሹ ምሰሶዎች በሟቿ እርማት በቀይ ተከበዋል፤ ከየጎናቸው ወፈር ያሉ ምሰሶዎች ተሥለዋል።

ወንድምየው ጠጋ ብሎ አየ። «አይሸከሙም ማለት ነው?»

«አይሸከሙም» አለ ምክትሉ። ድምፁ ከጫማው ብናኝ ይልቅ የደረቀ ነበር። «ስሌቱን ተሳሳትኩ። ምሰሶዎቹ ደግሞ ቆመዋል፤ መፍረስ አለባቸው። ጠርታኝ መጣሁ፤ ደረጃው ላይ ስንወጣም እንኳ አልተቆጣችም። ‹አይዞህ፣ አብረን እናርመዋለን፣ ለሁሉም እኔ እነግራለሁ› አለችኝ። ለሁሉም። እጄን የሰነዘርኩት ከፊቴ ዞር እንድትል ብቻ ነበር።»

«ከወደቀች በኋላ በሕይወት ነበረች?»

ምክትሉ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ብናኝ ጠረገ። ወንድምየው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ምክትሉን ፖሊሶች ይዘውት ወረዱ፤ ደረጃው ረጅም ስለሆነ እርምጃቸው ለብዙ ጊዜ ተሰማ። መርማሪዋ ለአለቃዋ ደወለች። «ሌላ ሰው ነው የምልክልህ። አዎ፣ አምኗል። አይ፣ ማታ አልመጣም። እተኛለሁ።» ከዚያ የአዳራሹን ሥራ የሚያስቆም ሰው ፍለጋ ሌላ ቁጥር መታች።

ወንድምየው ቴክኒሻኑ ፊት ቆመ። የጨመደደውን ኮሌታ በእጁ አቃናለት።

«ነገ እናትህን በስንት ሰዓት ነው የምትወስዳት?»

«በጠዋት ነው።»

«በኔ መኪና እንሄዳለን። ጠዋት ጠዋት የማመላልሰው ሰው የለኝም እንግዲህ።»

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሥራ ይሻለዋልና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «ይህ ዲስክ ከእንግዲህ የቢሮው ነው። ሌሎቹ እንዳይቸገሩ ማውዙን ወደ ቀኝ ልመልሰው?»

ወንድምየው የእህቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግራ እጁን ማውዙ ላይ አሳረፈ።

«ተወው» አለ። «እኔ እለምደዋለሁ።»