በፓሱ ላይ የቀረችው አንድ ቀን

ለተወሰኑ ቀናት አገር ላገር የሚያስኬድ የባቡር ፓስ ካለኝ አውሮፓ የአባቴ ቤት ናት ብዬ ነበር ሚላኖ ላይ ባቡሩ ውስጥ ዘው ብዬ የገባሁት። ተቆጣጣሪዋ ፓሴን አገላብጣ አየችና፣

«የጉዞሽን ቀን ጽፈሻል፣ ጎበዝ። የወንበር ቲኬትሽስ?» አለችኝ።

«ፓስ አለኝ እኮ!»

«ፓሱ ለጉዞው ነው፤ በፈጣን ባቡር ወንበር ለብቻው ይያዛል። ትቀጪያለሽ።»

ፊቴ ቲማቲም መሰለ። ይኼኔ ከመስኮቱ ጥግ አንድ ጸጉሩ የተንጨባረረ ልጅ፣ «እሷ እኮ ከእኔ ጋር ናት!» ብሎ ሁለት የወንበር ቲኬት ዘረጋ። ለካ ወንድሙ እዚያው ሚላኖ አንዲት ልጅ ወዶ ቀርቶበት ኖሯል።

«ቲቦ እባላለሁ። ሊዮን ነው ቤቴ፤ ብስክሌት እጠግናለሁ።»

«ቦርባላ፤ ቦሪ ይሉኛል። ከሴጌድ፣ ከሃንጋሪ። ሰኞ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ።»

ቬኒስን፣ ከዚያም ልዩብልያናን አብረን ዞርን። ከዚያ ውርደት ወዲህ የፓሱን መመሪያ ሸምድጄው ስለነበር እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ።

«በአንድ የጉዞ ቀን ስንት ባቡር ይፈቀዳል?»

«እስከ እኩለ ሌሊት ያሻህን ያህል።»

«በገዛ አገርሽ ውስጥስ?»

«ለመውጫ አንድ ቀን፣ ለመመለሻ አንድ ቀን። አለቀ።»

ስለ ባቡር እንጂ ስለ እኔ አንድ ነገር አይጠይቅም። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው! ግን ቀና ስል ሁልጊዜ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ወድጄዋለሁ፣ ምን ይዋጠኝ?

እሑድ ጠዋት ልዩብልያና ጣቢያ ቆምን። በሁለታችንም ፓስ ላይ ያልተሞላች አንዲት ቀን ቀርታለች፤ ወደየቤታችን መግቢያ ናት። የእሱ ባቡር ወደ ምዕራብ፣ የእኔ ወደ ምሥራቅ። «አትሂድ» ልለው ፈለግኩ፤ ኩራቴ አፌን ያዘኝ።

«ቦሪ፣ እዚህ ላይ የተጻፈ ነገር መሰረዝ ይቻላል?» አለኝ።

«በፍጹም! ከሰረዝከው ፓሱ አይሠራም።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ።»

ብዕሩን አውጥቶ ቀኑን ሞላ፤ ከሥሩም በቀስታ ጻፈ። ከልዩብልያና ወደ ሴጌድ።

«አብደሃል እንዴ? መመለሻህ እኮ ነው! በምን ልትገባ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? መመሪያውን የሸመደድሽው አንቺ። ይልቅ ሴጌድ ውስጥ ብስክሌት አይሰበርም?»

«አገሩ ሜዳ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ብስክሌት ላይ ነው» አልኩት፤ እንባዬ ቀደመኝ። እጄን ያዘኝ። «እንቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለኝ።

ባቡሩ ውስጥ ሽማግሌው ተቆጣጣሪ የቲቦን ፓስ ትክ ብለው አዩት።

«ፈረንሳዊ ነህ፤ ይቺም የመጨረሻ ቀንህ ናት። ቤትህ በወዲያ በኩል አይደል እንዴ? ወዴት ነው?»

ቲቦ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት።

«ወደ ቤት ነን» አልኳቸው፣ «ሁለታችንም።»