ሔራን የከፈተችው ፖርት

ይህን የማታምኑ ትኖራላችሁ። አትመኑ... ግን ሆኗል። ሔራን ጎረቤቴ ናት፤ የነገረችኝም ራሷ ናት።

ቦታው ባህር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም የማይርቅ ግቢ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀትር ነው... ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ።

ግቢው የየኔታ ጥዑመ ልሳን ነው። በሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። እሳቸውም፣ ሔራንን ጨምሮ ተከራዮቹም አንድ ኢንተርኔት ነው የሚጋሩት፤ ኢንተርኔቱን ለሁሉም የሚያካፍለው ራውተር የተቀመጠው የየኔታ ሳሎን ውስጥ ነው።

ያኔ ሔራን የሦስት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ሲና። ልጅቱ ከስታባታለች። ሔራን ክንዷ ላይም የጣት ምልክት የሚመስል ነገር አየች።

ሞግዚቷን ኪዲን ጠረጠረቻት። እናት ናት፣ ምን ታድርግ? ቢሮዋ ሆና ልጇን ለማየት ፈለገችና ባሏ ግሩም ካሜራ ገዛ።

ያን ዕለት ጧት ግሩም ካሜራውን ሊሰቅል ቤት ቀረ። ሔራን የኔታን አስፈቅዳ በስልኳ ወደ ራውተሩ ገባች፤ ከቢሮ ሆና ካሜራውን ስትጠራ እሱ ድረስ የሚያደርሳትን ፖርት፣ ማለትም የኢንተርኔት በር፣ ለመክፈት።

ከራውተሩ ጋር የተገናኙት ዕቃዎች ስም ወጣ። የተከራዮቹ ስልኮች... የየኔታ ቴሌቪዥን... ከሥር ደግሞ፣

ወለተ ኪዳን።

የሲና ክርስትና ስም!

ክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው ይዞት እንዳይደግምበት ይሸሸጋል። ይህን ስም የሚያውቁት ወላጆቿ፣ የክርስትና እናቷና ቄሱ ብቻ ናቸው።

"ግሩም ነው እንግዲህ ካሜራውን በስሟ የሰየመው" አለች በልቧ። ሌላ ማን ሊያውቅ?

ፖርቱን ለዚያ ስም ከፈተችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ግሩምም ለሥራ ወደ ቆላ ድባ ወጣ።

ቀትር ላይ ስልኳን ከፍታ አየች።

ሲና ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ደህና ናት። እፎይ...

ግን ካሜራው የሚሰቀለው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነበር። ይህ ምስል የሚመጣው ከመሬት ነው... ከልጅቱ ፊት ስንዝር ከማይሞላ ቦታ።

ሲና ዓይኗን ገለጠች። ፈገግ አለች።

"አቤት" አለች።

ማንም ሲጠራት አልተሰማም።

"አቤት..."

ሔራን ቤት ደወለች።

"ኪዲ... ሲና ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ኧረ እትዬ፣ ደጅ ነን። አሁን ገላዋን አጠብኋት።"

"ቤት ውስጥ አልተኛችም?"

"ጭኔ ላይ ናት እኮ!"

ሔራን ስልኩን ዘጋች። ወደ ግሩም ደወለች።

"ካሜራውን የት ነው የሰቀልኸው?"

"መች ሰቀልሁት! ብሎን አጣሁና ከነካርቶኑ መኪናው ውስጥ ነው። ስመለስ..."

አላስጨረሰችውም። ባጃጅ ይዛ በረረች።

ከግቢው በር ጀምራ ጮኸች። "የኔታ! ራውተሩን ይንቀሉት!"

ሲናን ከኪዲ ነጥቃ እቅፍ አደረገቻት። ልጅቱ ትሞቃለች፤ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። ሔራን አለቀሰች። ኪዲን በከንቱ መጠርጠሯም አሳፈራት።

"ነቅየዋለሁ፣ ልጄ" አሉ የኔታ፣ ገመዱን ይዘው ብቅ ብለው።

ሔራን በተከፈተው የቤቷ በር ወደ ውስጥ ተመለከተች። ምንጣፉ ባዶ ነው።

ስልኳን አየች።

ምስሉ አልጠፋም።

እዚያ ያለችው ሲና ተነሥታ ቁጭ ብላለች። ታለቅሳለች።

"እማዬ... እማዬ ነይ..."

እቅፏ ውስጥ ያለችው ደግሞ አንገቷን ጥምጥም አደረገች። አፏን ጆሮዋ ሥር አስጠጋች።

"አጥፊው" አለች በሹክሹክታ።

ሲና ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ክንዷ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ወፍራለች፣ አምሮባታል። ሔራን ግን ያን ስልክ አላጠፋችውም። ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው።

ባለፈው እሑድ አሳየችኝ።

ምንጣፉ ላይ ያለችው ልጅ አሁንም ሦስት ዓመቷ ነው። ማልቀሱን ትታዋለች። እጆቿን ወደ እኛ ዘርግታ ትጠብቃለች።

ልናገር ስል ሔራን አፌን በመዳፏ ያዘችው።

"ቀስ... እንዳትሰማን" አለችኝ፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው።

ደጅ ሲና ብቻዋን ትጫወታለች።