ቀዩ ደመናና የጣሪያው በር

ሟቹ የሰማይ ፎቶ አንሺ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ የቤቱ ጣሪያ ላይ፣ ወደ ደረጃው ከሚያስገባው በር አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ቴሌስኮፑ ሽፋኑን ለብሷል፤ የካሜራው ቦርሳ ትከሻው ላይ ነው። ተንበርክካ እጆቹን አየች። የሁለቱም ጡጫ ጎን በልዟል።

«አስም ነበረበት» አለች ሚስቱ፣ ከአዳር ሥራ የመጣችበትን የነርስ ልብስ ሳትቀይር። «መድኃኒቱም ስልኩም ታች መኝታ ቤት ናቸው።»

«በሩስ?»

«ጠዋት ሳገኘው ክፍት ነበር» ብላ አቀረቀረች።

ሳሎን ውስጥ ባልደረባው አንገቱን ደፍቷል። ከሟቹ ጋር አንድ ግዙፍ ቀይ የጠፈር ደመና፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበትን፣ ሲያነሱ ከርመዋል።

«ልጄን የገደለው እሱ ነው» አሉ የሟቹ እናት። «ማታ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ።»

«ፎቶው ላይ የማን ስም ይቅደም ብለን ነው» አለ ባልደረባው። «ትቼው ወረድኩ። እማማ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ሸኝተውኝ ግቢውን የቆለፉት? እሱ እንደሆነ ማንሳቱን ቀጥሎ ነበር፤ ምስሎቹ ቤቴ ድረስ በኮምፒውተር ይደርሱኝ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ጣሪያው ተመለሰች። የበሩ መቀርቀሪያ ያለው በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ነገሩ ገባት፤ ምነው ባልገባኝ አለች። ዝም እንዳትል ደግሞ ንጹሕ ሰው ሊታሰር ነው።

ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሸክፏል። ሕመሙ ሲነሳበት ወደ መድኃኒቱ ሊወርድ ነበር። በሩ ክፍት ቢሆን ይገባ ነበር እንጂ እጁ እስኪበልዝ አይደበድበውም። ከውስጥ ተቀርቅሮበታል ማለት ነው። ባልደረባው ከሄደ በኋላ ደግሞ ግቢው ተቆልፏል። ጠዋት መቀርቀሪያውን የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ ክፍት ነበር ያለችው ግን ለራሷ ብላ አይደለም። እሷ ሥራ ላይ ነበረች...»

ሚስትየው በዓይኗ ለመነቻት።

እናትየው ግን ቀስ በቀስ ፊታቸው ተለወጠ።

«ጓደኛው ሲወጣ እሱም የተኛ መስሎኝ» አሉ። «ሌባ እንዳይገባ ብዬ ቀረቀርኩት። ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ነፋስ ነው ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።»

ሚስትየው እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጉልበታቸውን አቀፈች።

«ክፍት ነበር እማማ። ያየሁት እኔ ነኝ።»

«እኔን ብለሽ አትዋሺ፣ ልጄ።»

«ክፍት ነበር።»

ባልደረባው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ያላደረገችውን አደረገች።

«የበሩን ነገር ተሳስቼ ይሆናል» አለች።

ማንም አላመናትም።