ሽማግሌዎቹ የጨመሩት ቃል

ዙበይዳ ደሴ ፒያሳ ልብስ ትሰፋለች፤ ዒላማም ትመታለች። ሁለቱም የማይንቀጠቀጥ እጅ ይፈልጋሉ፤ እውነቱን ለመናገር በሁለቱም የሚስተካከላት የለም። ከሊድ ደግሞ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። በአየር ጠመንጃ ለብሔራዊ ቡድን ሲመረጡ አሰልጣኙ ለጥምር ውድድር አጣመራቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ቆመው የሚተኩሱበት ነው።

ሲተኩሱ ዓይናቸው ዒላማው ላይ ነው። ሲጨርሱ ግን የከሊድ ዓይን የት እንደሚሄድ አሰልጣኙም ያውቅ ነበር። እሷም ታውቃለች፤ ደስ ስለሚላት ዝም ብላለች።

ለአፍሪካ ጨዋታዎች ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከሊድ ሽማግሌ ላከ። ወግ ነው፣ ክፋት የለውም። ጣጣው ሽማግሌዎቹ ነገር ለማሳመር ብለው የጨመሩት ነው። መተኮሷን የማይወዱት አባቷ ጋሽ የሱፍ ፊታቸውን ቅጭም ሲያደርጉባቸው፣ «አብሽሩ! ከኒካሁ በኋላ ጠመንጃ አትነካም» ብለው በልጁ ስም ቃል ገቡ። ጋሽ የሱፍም ደስ ብሏቸው እሺ አሉ።

ዙበይዳ ስትሰማ አንጀቷ አረረ። ለከሊድ ግን አልተነፈሰችም፤ እስከ ውድድሩ ቀን በሰላምታ ብቻ አኖረችው። ለነሐስ ሜዳሊያ ሊጋጠሙ ሲሉ፣ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አላስችል አለው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ጠመንጃዬን ለአባቴ አስረከብከው።»

«እኔ?»

«ሽማግሌዎችህ። ከኒካሁ በኋላ አትነካም ብለዋል፤ በአንተ ስም።»

ከሊድ ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን አወጣና እዚያው ፊቷ ደወለ።

«ጋሽ የሱፍ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አፉ ይበሉኝ፣ ሽማግሌዎቼ ያላልኩትን ብለዋል። ዙበይዳ ጠመንጃዋን ከምትተው ኒካሁ ይቅር። ወላሂ!»

ወሎ ውስጥ የላኩትን ሽማግሌ መልሶ ማንሳት ትልቅ ሐፍረት ነው። ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋበት። ዙበይዳ ጓንቷን እያጠለቀች አየችው። የምትወደው ሰው እሱ እንደሆነ ያን ጊዜ አልተጠራጠረችም።

ነጥቡ እኩል ሆኖ የመጨረሻው ተኩስ ቀረ። ከሊድ ቀድሞ ተኮሰ፤ ጥሩ አልነበረም። ዙበይዳ ጠመንጃዋን አነሳች፣ ልቧ ግን አላርፍ አለ። አወረደችው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ተመልካቹ ተንጫጫ። እሷ ምን ተዳዋ! ትንፋሿን ቀስ ብላ ለቀቀች፣ እንደገና አነሳች፣ ሳበች። መሃሉን አገኘችው። ነሐሱ የነሱ ሆነ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቋት አባቷ ለከሊድ ሰላምታውን በግማሽ አፍ መለሱለት።

«አባ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ» አለች ዙበይዳ።

«ወዴት?»

«እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ከከሊድ እናት ቤት።»

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ትልካለች እንዴ?»

«እሱ የላከውን ለኔ ሲል አንስቷል። ታዲያ ከኔ ሌላ ማን ይልካል?»

ጋሽ የሱፍ ከሊድን አዩት። መሬት መሬት ያያል። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሳቃቸው አመለጣቸው።

ጁምዓ ዕለት ጋሽ የሱፍ ራሳቸው ሽማግሌዎቹን መርተው ሄዱ። ወጉ መጀመሪያ «ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ» ማለት ነበር። የከሊድ እናት እትዬ ኩኩ ግን ገና ሳይቀመጡ፣

«እሺ ብለናል» አሉ። «ቀኑን ቁረጡ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንዳትጨምሩ!»