በታናሿ ደም ውስጥ የተገኘው ምልክት

ሁለቱ እህትማማቾች እናታቸው ከሞተችባቸው በኋላ አንዷ ለሌላዋ እናትም አባትም ሆነው ነው ያደጉት። ታላቋ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነች፤ ታናሿ ፀጉር ሰሪ። አንዷ የሌላዋን ሆድ ሳትጠይቅ ታውቅ ነበር። ታዲያ ታላቋን ሊያገባ ቀለበት ያሰረላት ሰው ታናሿን ይዞ ሲጠፋ፣ ያን ቀን ልቧ እንዴት አልቆመም? እህት አልነበረኝም ብላ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟን እንኳ ሳታነሳ ኖረች።

አንድ ረፋድ ላይ ግን ጠረጴዛዋ ላይ ከተደረደሩት የደም ናሙናዎች በአንዱ ላይ የእህቷን ስም አነበበች። የደም ካንሰር… ሁለት ዙር መድኃኒት ወስዳ አልበገር ያላት። ያ ሰውም ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር ጥሏት ሄዷል። ናሙናውን ለሌላ ባለሙያ ብታሳልፈው ማን ይፈርድባት ነበር? አላሳለፈችውም፤ ራሷ መረመረችው። የታመሙት ሴሎች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ላያቸው ላይ ሲዲ ሰቨን የተባለውን ፕሮቲን እንደ መለያ ምልክት ተሸክመዋል።

ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ ፊቱ ፈካ። በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና እንዳለ ነገራት፦ ከጤነኛ ለጋሽ ቲ-ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይወሰዱና ያንን ምልክት እያደኑ እንዲገድሉ ይደረጋሉ። የለጋሹ ቲ-ሴሎችም ራሳቸው ምልክቱ ስላለባቸው፣ እርስ በርስ እንዳይፋጁ አስቀድሞ ከእነሱ ላይ ይጠፋል። የሚያስፈልገው የሚገጥም ለጋሽ ብቻ ነው። ታላቋ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ስትመረመርም ገጠመች።

ታናሿ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ካንቺ የምቀበልበት ፊት የለኝም። ተይኝ፣ ልሙት።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ በልቤ ልቀብርሽ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም" አለች ታላቋ። "አሁን ደግሞ የምር ልትሞቺብኝ ነው? ክንድሽን ስጪያቸው።"

ሴሎቹ በገቡ በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ እንደ እሳት ነደደ፤ ታናሿ የገዛ እህቷን መለየት ተሳናት። ስንቴ አለቀላት ተባለ! ሐኪሙ የቅርብ ዘመድ ይጠራ ሲል ታላቋ፣ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ ብላ ከአልጋው አጠገብ ንቅንቅ አልል አለች። ትኩሳቱ በስንት መከራ በረደ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን የእህቷን ናሙና ራሷ መረመረች። ምልክቱን የተሸከመ አንድም የታመመ ሴል አጣች። ዓይኗን ስላላመነች ደገመችው፤ ከዚያ ለባልደረባዋ ሰጠችው። እሱም አጣ። ጋዋኗን እንደለበሰች ደረጃውን በሩጫ ወጥታ እህቷ አልጋ ላይ ተደፋች።

"የለም" አለቻት። "አንድም የለም።"

ስድስት ዓመት የታመቀው እንባ ያኔ ፈሰሰ… ነርሶቹም አብረው አለቀሱ። ሊለያያቸው ሰው የላከ ዕጣ፣ ሊያገናኛቸው በሽታ ላከ፤ ይህን ጭካኔ እንበለው ወይስ ምሕረት? እነሱ ግን መልሱን ቆመው አልጠበቁም። ታናሿ በገዛ እግሯ ከሆስፒታሉ በር ስትወጣ፣ ታላቋ ሻንጣዋን ተሸክማ፣ እቤቴ እንደ ድሮሽ ካንኮራፋሽ ውርድ ከራሴ እያለች ከፊት ከፊቷ ትሄድ ነበር።