አራት ነጥብ አሥር

ሪፖርቷ በመታወቂያ ኮፒ ውስጥ ተጣጥፎ ከጎኗ በቆመው ሰውዬ እጅ ገባ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠባብ ነው። ማሽኑ ይንጫጫል፣ ሁለት ተማሪዎች ወረፋ ይዘዋል። ሰውዬው ግራጫ ሹራብ ለብሷል። የደኅንነት ሹም ነው፤ የምስጢር ስሙ «አጎት»። የእሷ «መርፌ»። ስድስት ዓመት ያሠማራት፣ ከሁለት ወር በፊት ደግሞ በጀማሪ ሠራተኛ ስም አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ያስገባት እሱ ነው።

«ካርድ መዳቢው ደንብ ደረሰ?» አለ፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሳ።

«ደርሷል።»

«ካርዱ ሲዘጋ እንዲያልፍ ተዪው። ኃላፊው ከበር ሲወጣ ልጆቻችን ይይዙታል።»

«በእጃቸው የሚመድቡት ሽማግሌስ?»

«ደንቡ ካለ ሽማግሌው ምን ሊሠራ? ሁለት መስመር ኮድ ናት የኔ ልጅ። ማንም አይነቃባትም።»

ኮፒውን አጥፎ ወጣ። እሷም ትንሽ ቆይታ ወጣች። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደች ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ተመልሶ መጣ።

ሁለት መስመር።

በሪፖርቷ ላይ የጻፈችው የካርዱን፣ ማለትም የሥራ ትእዛዙን፣ ቁጥር ብቻ ነበር፤ 6118። ውስጡ ያለውን ኮድ ያየችው ዛሬ ጠዋት ነው። ስንት መስመር እንደሆነ ለማንም አልተነፈሰችም። ይህን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው። ወይም ያስጻፈው።

 አልቆመችም። የሚከተላት ካለ የሚጠብቀው መቆሟን ነው።

ድርጅቱ የሚሠራው የተደበቁ ምስክሮች ከጠባቂዎቻቸው ጋር የሚነጋገሩበትን የስልክ መተግበሪያ ነው። አዲሱ ቨርዥን 4.9 ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በየስልኩ ይጫናል። 6118 አብሮ ከገባ እያንዳንዱ ስልክ ያለበትን ቦታ ለአጎት ሹክ ይላል። ከስልኮቹ አንዱ የአንዲት ነርስ ነው። ነርሷ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ለምስክርነት ትቆማለች። እስከዚያ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም፤ አጎትም አያውቅም። መስክሪ ብላ ያግባባቻት፣ ስልኩንም በእጇ የሰጠቻት መርፌ ናት። በስልኩ ማስጠንቀቅ ደግሞ አይታሰብም። መልእክቱን ሁሉ የሚያነበው አጎት ነው።

ቢሮ ስትገባ ስምንት ከሃያ ሆኗል።

ኃላፊው ከመስታወት ክፍሉ ብቅ አለ። «የት ጠፋሽ?»

«መታወቂያ ኮፒ ላደርግ ወጥቼ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ካርድ ይዘጋል። ደንብሽን ዛሬ እናያለን።»

በፈገግታ ነው ያለው። ሌሎቹ ካርዶች ጠዋት ገብተው አልቀዋል። የቀረው 6118 ብቻ ነው።

ጋሽ ቁጥር ጥግ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን በከረባታቸው ይጠርጋሉ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ያለቀ ሥራ ሁሉ በየትኛው ቨርዥን እንደሚወጣ አሥራ አንድ ዓመት በእጃቸው ሲመድቡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ሳያነቡ አይመድቡም። በመደቡት ላይ ደግሞ ስማቸው ይቀራል። ደንብ ሲመድብ ግን የሚቀረው «አውቶማቲክ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ደንቡ የተፈለገው ለዚህ ነበር። የጻፈችውም እሷ ናት፣ ለኃላፊው የተጠመደ ወጥመድ መስሏት። «የተዘጋ ካርድ ካልወጡት ቨርዥኖች ወደ መጀመሪያው ይግባ» ይላል። ያልወጣው ቨርዥን አንድ ብቻ ነው።

በገባች ሰሞን ጋሽ ቁጥር የነገሯት ትዝ አላት። «ማሽን ቁጥር ያውቃል ያለሽ ማነው? እንደ ፊደል ነው የሚያየው። አራት ነጥብ አሥርን ከአራት ነጥብ ዘጠኝ ያስቀድምልሻል። አንድ ከዘጠኝ ታንሳለቻ! ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል። አንቺም ተራሽን ትወድቂያለሽ።»

ወደ ጠረጴዛቸው ሄዳ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ አዲስ ቨርዥን ይክፈቱልኝ።»

«የቱን?»

«አራት ነጥብ አሥር።»

ከረባቱ መነጽሩ ላይ ቆመ።

«ዘጠኝ ሳይወጣ?»

«ሳይወጣ።»

ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ በትከሻዋ በላይ የመስታወቱን ክፍል አዩ።

«የከፈተው ሰው ስም ይቀራል እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔ ሥልጣኑ የለኝም።»

«እንደሌለሽማ አውቃለሁ። ከኔ በቀር ለማንም አልተሰጠም።» መነጽራቸውን አደረጉ። «ለሰው የሚጠቅም ነገር ነው?»

«ለአንድ ሰው።»

ወደ ስክሪናቸው ዞሩ።

«እንግዲህ ጡረታዬ ሲደርስ ጀማሪ ልሁን» አሉና ቁልፉን ተጫኑ።

ዘጠኝ ሰዓት። ኃላፊው ከወንበሯ ኋላ ቆሟል። ትንፋሹ ማጅራቷን ይነካታል።

ካርዱ ተዘጋ።

አንድ ሰከንድ። ሁለት።

አረንጓዴ ምልክት በራ።

«ገባ?»

«ገባ።»

ጎንበስ ብሎ «አውቶማቲክ» የሚለውን አነበበ። ከጎኑ ያለውን ቁጥር አላነበበም። ያልወጣው ቨርዥን አንድ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ሄደ።

4.9 በአሥር ሰዓት ወጣ። 6118 አልነበረበትም። 4.10ን ፈትሾ ለማውጣት ቢጣደፉ እንኳ ሁለት ቀን ይፈጃል። ነርሷ የሚያስፈልጋት አንድ ሌሊት ነው።

አሥር ከሃያ ላይ የኃላፊው ስልክ ጠራ። ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጣቱ መስመሮቹን ተከትሎ ወረደና ቆመ። የከፈተው ሰው ስም ላይ።

ሁለት ሰዎች መጡ። የድርጅቱ ሠራተኞች አይደሉም።

«ምን ተፈጠረ?» አለች የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ።

«ተሳስቼ ነው» አሉ ጋሽ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የጀማሪ ስህተት ነው። እርጅና ነው መቼስ።»

አንዱ ክንዳቸውን ያዘ። ሹራባቸውን ከወንበሩ ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ፤ እንዲያነሱ አልፈቀዱላቸውም።

መርፌ አንድ ቃል ልትናገር ትችል ነበር። ጠዋት ያተመችው የካርዱ ቅጂ ጫማዋ ውስጥ ነው። ከተናገረች አብሯት ይያዛል። አጎትም ነገ ሌላ ካርድ ያስጽፋል።

አልተናገረችም።

በሩ ድረስ ሄዱ። ወደ እሷ አልዞሩም። ያለመዞራቸው ነው የገደላት።

ውሃ ለመጠጣት ያህል ተነሳች። በጓሮ ደረጃ ወረደች። መታወቂያዋን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለች። ፊት ለፊት ፌርማታው ላይ ግራጫ ሹራብ አየች፤ በልብስ ሰፊዎቹ መተላለፊያ በኩል ዞረች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅጂው ዐቃቤ ሕጉ እጅ ላይ ነበር።

በማግስቱ ከከተማ በምትወጣበት አውቶቡስ ውስጥ ሬዲዮው ነርሷ መመስከሯን ተናገረ። ሾፌሩ ጣቢያውን ቀየረው። በሳምንቱ ጋዜጣ የኃላፊውና የአንድ የደኅንነት ሹም መታሰር ወጣ። ስለ ሽማግሌው አልተጻፈም። ከስድስት ወር በኋላም አልተጻፈም።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ትኖራለች። አንድ ቀን ጥርሷን ልትታይ ክሊኒክ ሄደች። ግድግዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ተደርድሯል። ካርድ የምታወጣው ልጅ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

«ቁጥር?»

«አሥር።»

«ከዘጠኝ በኋላ ነሽ እህቴ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች።